እንደ ጨው የሟሟ ስም

ጽሑፉ ሰባት ገጽ ብቻ ነው። በ1961 ቴሉስ በተባለው የስዊድን የጂኦፊዚክስ መጽሔት ላይ ወጣ (በዚህ ሐተታ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ጸሐፊው ሄንሪ ስቶመል ይባላል። የዶክትሬት ትምህርት ሳይከታተል፣ ከየል ዩኒቨርሲቲ ባገኘው የመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ በ1944 ዉድስ ሆል ወደሚገኘው የውቅያኖስ ጥናት ተቋም ገብቶ፣ በዘመኑ ከነበሩት የባሕር ተመራማሪዎች ሁሉ ከፊት የሚሰለፍ ለመሆን የበቃ አሜሪካዊ ነው። በእነዚያ ሰባት ገጾች ውስጥ መርከብ የለም፤ ማዕበልም ዓሣም የለም። ያሉት ውሃ የያዙ ሁለት ዕቃዎች፣ አንድ ቀጭን ቱቦና ጥቂት ቀመሮች ናቸው።

ሁለት ጋን ጎን ለጎን አስቀምጠን እናስብ። አንደኛው የሞቃቱ ቀበቶ ባሕር ነው፤ ፀሐይ ውሃውን ስለምታተነው ጨው በዝቶበታል። ሁለተኛው የሰሜኑ ቀዝቃዛ ባሕር ነው፤ ዝናብና የቀለጠ በረዶ ስለሚገባበት ጨዉ ሳስቷል። ጋኖቹ ከታች በቱቦ ይገናኛሉ፤ ከላይ ደግሞ የሞላው ወደ ጎደለው ይፈሳል። ቅዝቃዜ ውሃን ያከብዳል፤ ጨውም ያከብዳል። እንግዲህ ቅዝቃዜው የሰሜኑን ውሃ ወደ ታች ሲጎትት ጨዉ የደቡቡን ይጎትታል። ማን ያሸንፍ ይሆን? ስቶመል የደረሰበት መልስ ሁለቱም ሊያሸንፉ ይችላሉ የሚል ነው። ሙቀት ቶሎ ይስተካከላል፣ ጨው ግን ይዘገያል። ከዚህ መዘግየት የተነሣ በአንድ ዓይነት ፀሐይና በአንድ ዓይነት ዝናብ ሥር ባሕሩ በሁለት የተለያዩ አካሄዶች ሊፈስ፣ በሁለቱም ሊረጋ ይችላል። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያልፈውም ደረጃ በደረጃ አይደለም፤ አንድ ወሰን ሲነካ ይገለበጣል። ከተገለበጠ በኋላ፣ የገለበጠውን ምክንያት ማንሣት ብቻውን ወደ ነበረበት አይመልሰውም። ስቶመል በጽሑፉ መደምደሚያ ላይ፣ እውነተኛው ውቅያኖስም እንዲህ ያለ ሌላ አኳኋን ይኖረው እንደሆነ፣ አንድ ቀን ወደዚያ ይዘል እንደሆነ ጠየቀ። ጥያቄውን እዚያው ትቶ ወደ ሌላ ሥራው ሄደ።

ሁለት አሥርት ዓመታት ያህል ጥያቄውን አንሥቶ የተከተለው ሰው እምብዛም አልነበረም።

በ1985 ዋላስ ብሮከርና ባልደረቦቹ፣ ባሕርና አየር ተያይዘው ከአንድ በላይ የተረጋጋ አካሄድ ይኖራቸው ይሆን ብለው ኔቸር ላይ ጻፉ። በዓመቱ ፍራንክ ብራያን በኮምፒውተር በሠራው የባሕር ሞዴል የሰሜኑን ጨው ሲለዋውጥ ፍሰቱ ሲወድቅ አየ። በ1988 ደግሞ ኋላ የኖቤል ተሸላሚ የሆነው ማናቤ ከስቶፈር ጋር ሆኖ፣ ባሕርና አየርን ባጣመረ ትልቅ ሞዴል ሁለት የተለያዩ ሚዛኖች አገኘ። ሰዎቹ በዚያን ዘመን ካሉት ታላላቅ ማሽኖች ጋር ታግለው የደረሱበት ቦታ ላይ ሁለት ጋኖች ተቀምጠው ሲጠብቁ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለ አትላንቲክ የጥልቅ ፍሰት መዳከም የሚጽፍ ሰው በእነዚያ ሰባት ገጾች በኩል ሳያልፍ አይሄድም። ስቶመል በጥር 1992 ሲያርፍ የመነቃቃቱን መጀመሪያ እንጂ ሙሉውን አላየም።

የውቅያኖስን ነገር የሚያውቅ አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋሉ አይቀርም። በግሪንላንድ አካባቢ የሰመጠ ውሃ በጨለማ ውስጥ ተጉዞ በሌላ ውቅያኖስ ፀሐይ እስኪያይ ብዙ መቶ ዓመታት፣ አንዳንዱም ከሺህ በላይ ይፈጅበታል። ጉዞውን ከላይ ሆኖ የሚያይ የለም። ስቶመል ራሱ ከባልደረባው ከአሮንስ ጋር በ1960 ባወጣቸው ጽሑፎች ይህ ውሃ በጥልቁ ውስጥ በየት በየት እንደሚያልፍ፣ በዝግታና በሰፊው እንዴት ወደ ላይ እንደሚመለስ ያሰላ ሰው ነው። የሰመጠ ነገር ጠፋ ማለት እንዳልሆነ ከእርሱ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም።

እኔን ግን የሚያሳስበኝ በመካከል ያለው የሁለት አሥርት ዓመታት ዝምታ ነው። አንድ ጊዜ የመምህራን የማዕረግ ዕድገት የሚታይበት ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጬ ነበር። ጠረጴዛው ላይ የተከመሩትን የጥናት ጽሑፎች ያነበበ ሰው በመካከላችን አልነበረም፤ እኔም አላነበብኩም። ያየነው ቁጥር ነው፦ ስንት ጽሑፍ፣ በየትኛው መጽሔት፣ ስንት ጊዜ ተጠቀሰ። አንድ ጎልማሳ መምህር ለዓመታት የያዘው አንድ ጥናት ነበረው፤ ሌላው አንዱን ጥናት ለአምስት ከፋፍሎ አሳትሞ መጣ። ባለ አምስቱ አለፈ። ወጥቼ ወደ ቤቴ ስሄድ ያ ባለ አንዱ ሰው ምን ጽፎ እንደነበር እንኳ እንደማላውቅ ተረዳሁ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ስቶመል የነበረው ዲግሪ ይዞ እኛ ዘንድ ቢመጣ፣ ያን ጽሑፍ በ1961 አቅርቦ በ1963 ቢጠየቅ፣ ምን ብለን እንመልሰው ነበር? የመጽሔቶች ደረጃ የሚሰላበት የታወቀው መለኪያ የሚያየው ያለፉትን ሁለት ዓመታት ጽሑፎች ብቻ ነው። ሁለት ዓመት ለጥልቅ ውሃ ምኑ ነው?

መቁጠሩ የተጀመረው ለክፉ አልነበረም። ዩጂን ጋርፊልድ በ1955 ሳይንስ መጽሔት ላይ ሐሳቡን ሲያቀርብ አርአያ ያደረገው የአሜሪካ ጠበቆችን መዝገብ ነው። ጠበቃ አንድን የቆየ ፍርድ ይዞ ችሎት ከመቅረቡ በፊት፣ ያንን ፍርድ ከዚያ ወዲህ ማን እንደጠቀሰው፣ ማንስ እንደሻረው ማወቅ አለበት፤ ከ1873 ጀምሮ ለዚህ የተዘጋጀ መዝገብ ነበራቸው። ጋርፊልድም ለሳይንስ እንዲሁ ያለ መንገድ ፈለገ፤ አንድ ሐሳብ ከተወለደበት ተነሥቶ የት የት እንደደረሰ የሚታይበት መንገድ። የመጀመሪያው የሳይንስ ጥቅሶች መዝገብ በ1964 ታተመ። መንገድ ሆኖ የተሠራው ነገር ከጊዜ በኋላ ሚዛን ሆነ። በ2005 ጆርጅ ሂርሽ የተባለ የፊዚክስ ሊቅ የአንድን ሰው ዕድሜ ልክ ሥራ በአንድ ቁጥር የሚያሳይ ስሌት አወጣ፦ ሠላሳ የሚል ቁጥር ያለው ሰው፣ እያንዳንዳቸው ቢያንስ ሠላሳ ጊዜ የተጠቀሱ ሠላሳ ጽሑፎች አሉት ማለት ነው። ሂርሽ ያስተምርበት የነበረው በሳንዲያጎ ያለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ስክሪፕስ የተባለውን ታላቁን የውቅያኖስ ጥናት ተቋም የያዘው ያው ዩኒቨርሲቲ ነው። የስሌቱን ጥቅም አልክድም፤ ዘመድና ወዳጅ ከሚሾምበት አሠራር ቁጥር ይሻላል። ዳሩ ግን ቁጥሩ የሚቆጥረው ምንድን ነው?

አማርኛችን እዚህ ላይ ከእንግሊዝኛው ይልቅ ያግዘኛል። «ጠቀሰ» የምንለው ግሥ ሦስት ሥራ አለው። ጸሐፊው ብዕሩን ቀለም ጠቀሰ እንላለን። በዓይኑ ጠቀሰኝ እንላለን። የመጽሐፉን ስም ጠቀሰ እንላለን። ሦስቱ እንዲሁ በድምፅ የተገናኙ አይመስለኝም። ብዕሩን ሌላ ሰው ባዘጋጀው ቀለም የነከረ ሰው የጻፈው ሁሉ ከዚያ ቀለም ነው፤ ወረቀቱ ላይ የሚታየው ግን የእርሱ እጅ ነው። ጥቅሻ ደግሞ በሁለት ሰዎች መካከል የሚሆን ነገር ነው፤ አንዱ ለሌላው «አይቼሃለሁ» የሚልበት። በጥናት ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሰው ሰው ብዙ ጊዜ በሩቅ አገር ያለ ወይም የሞተ ነው፤ ጥቅሻው ግን ይደርሰዋል ብለን እናምናለን፤ ባናምን የሙታንን ስም ጽሑፋችን ውስጥ ማስገባት ምን ይጠቅመናል? ቆጣሪው የሚያየው ሦስተኛውን ሥራ፣ የስሙን መጠራት ነው። ብዕሩ ምን ያህል እንደነከረ አያይም። ለወጉ ያህል በመግቢያ ላይ ከአሥር ስሞች ጋር የተደረደረ ስምና፣ ሙሉ ጽሑፉ የቆመበት ስም በቆጣሪው ዘንድ እኩል አንድ አንድ ናቸው።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ብዕሩ ፈጽሞ ሲሰምጥ ስሙ መጠራቱን የሚያቆም መሆኑ ነው። ሮበርት መርተን የተባለው የሳይንስ ሶሲዮሎጂ አባት አንድ ሐሳብ በሁሉ ዘንድ ከመታወቁ የተነሣ ምንጩ እንደሚረሳ አስተውሎ ጽፏል። የውቅያኖስ ጥናት በዚህ የተሞላ ነው። ኖርዌያዊው አሳሽ ናንሰን በ1890ዎቹ ፍራም በተባለችው መርከብ በሰሜን ዋልታ በረዶ ተይዞ ሲንሳፈፍ፣ በረዶው ነፋሱ በሚነፍስበት አቅጣጫ ቀጥ ብሎ እንደማይሄድ፣ ወደ ቀኝ እንደሚያዘነብል አየ። ጥያቄው ለወጣቱ ኤክማን ተሰጠ፤ እርሱም ፈታው፣ በ1905ም ታተመ። ዛሬ «የኤክማን ፍሰት» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ የ1905ቱን ጽሑፍ ማጣቀሻው ውስጥ አያስገባም፤ ስሙ የነገሩ መጠሪያ ሆኗልና። ስቨርድሩፕ የተባለው የባሕር ተመራማሪም እንዲሁ መስፈሪያ ሆኗል፦ በሴኮንድ አንድ ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ አንድ ስቨርድሩፕ ይባላል። ዓባይንም አማዞንንም ጨምሮ የዓለም ወንዞች ሁሉ አንድ ላይ ቢፈስሱ ከአንድ ስቨርድሩፕ ብዙም አይበልጡም፤ ስቶመል ያሰበበት የአትላንቲክ የግልበጣ ፍሰት አሥራ ሰባት ገደማ ነው። ስሙ በየቀኑ በሺህ ብዕር ይጻፋል፤ ከዚያ አንዱም ለጥቅስ አይቆጠርለትም።

ይህን ነገር እኛ ከጥንት እናውቀዋለን። ተረትና ምሳሌ ስንናገር «እንዲሉ» ብለን እንዘጋለን፤ «እንዲሉ አበው»። ያ ሙሉ ማጣቀሻ ነው፤ ስም ብቻ የለውም። ያን አነጋገር መጀመሪያ ያለው አንድ ሰው ነበር፤ አንድ ማታ እሳት ዳር ወይም እርሻ ላይ ሆኖ አፉን ከፍቶ ያለው። አድማጩ ወደደው፣ ወሰደው፣ ለልጁ ነገረው። ሰውየው በአባቶች ውስጥ ሟሟ። እንደ ጨው፦ ውሃው ውስጥ እንዳለ በመቅመስ ታውቀዋለህ፣ በዓይን ግን አታገኘውም። የቅኔ ቤታችን ደግሞ ሌላ መንገድ ይዟል። ቅኔው ለዕለቱ ይፈጠራል፤ የሌላውን ደግሞ ማቅረብ ነውር ነው። መንገዱ ግን የቤት ነው፤ የዋሸራ፣ የጎንጅ፣ የዋድላ እየተባለ ይጠራል። ተማሪው የመምህሩን ቃል ሳይደግም የመምህሩን ቤት ይሸከማል። «የስቶመል ሞዴል» ሲባል ስሰማ የማስበው ይህን ነው። በሁለት ጋን ማሰብ የቻለ ሁሉ፣ ጽሑፉን ያንብበውም አያንብበው፣ ከዚያ ቤት ወጥቷል።

ስቶመል በሐሳቡ ለጋስ ሰው ነበር። ገና በሃያዎቹ ዕድሜው፣ በ1948፣ በአምስት ገጽ ጽሑፍ ገልፍ ስትሪም ለምን በአትላንቲክ ምዕራብ ዳር ተጠብቦ እንደሚሮጥ አሳየ፦ የምድር መዞር በውሃ ላይ ያለው ጫና ከወገብ ወደ ዋልታ እየበረታ መሄዱ ነው ምክንያቱ። ፉክክር የሚወድ ሰው በዚያ ላይ ቤት ሠርቶ ይኖርበት ነበር። እርሱ ግን ጥያቄ መበተን ይወድ ነበር። በ1956 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር አንድ አስገራሚ ነገር ጻፈ፦ ረጅም ቧንቧ ወደ ጥልቁ ቢወርድና አንዴ ውሃ ቢሳብበት፣ በሙቀትና በጨው ልዩነት ብቻ ያለማቋረጥ የሚፈስ ፏፏቴ ይሆናል። ራሳቸው «የባሕር ጉድ» ብለው ያቀረቡት ነገር ነው። በ1960 ሜልቪን ስተርን ቧንቧው እንደማያስፈልግ አሳየ፤ ባሕሩ ራሱ በቀጫጭን የጨው ጣቶች ይህንኑ ያደርጋል። ከዚያ አንድ ራሱን የቻለ የጥናት ዘርፍ ተወለደ። በ1989 ደግሞ ጥናት ያልሆነ ነገር፣ ልብ ወለድ ጻፈ፤ በ2021 ላይ ቆሞ ወደ ኋላ የሚተርክ፣ ሰው የሌለባቸው ትናንሽ ተንሳፋፊ መሣሪያዎች ውቅያኖሱን ሁሉ እየዞሩ የሚለኩበት ዓለም። ዛሬ አርጎ በተባለው መርሐ ግብር ከሦስት ሺህ በላይ ተንሳፋፊ መሣሪያዎች በዓለም ባሕሮች እየጠለቁና እየወጡ ሙቀትና ጨው ይለካሉ። በአሳቡ ያያቸው ክንፋም መሣሪያዎችም ተሠርተው ባሕር ላይ ናቸው።

ሌላም አለ፤ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። በ1954 በስቶመል አሳብ ከቤርሙዳ ደሴት ወጣ ብሎ አንድ የባሕር ነጥብ ተመረጠና በየሁለት ሳምንቱ ገደማ መርከብ እየወጣ የውሃውን ሙቀትና ጨው ከላይ እስከ ጥልቁ መለካት ተጀመረ። እስከ ዛሬ ቀጥሏል። እስቲ እነዚያን ሰዎች አስቧቸው፤ በክረምት ማዕበል ወገባቸውን ከመርከቡ ጠርዝ አስደግፈው፣ በቀዘቀዘ እጃቸው ጠርሙስ በገመድ የሚያወርዱትን፣ ቁጥር በእርሳስ የሚጽፉትን። አንዱ ጡረታ ሲወጣ ሌላው ይተካል። የውቅያኖሱ መሞቅ የሚታወቀው በእነርሱ ትዕግሥት ነው። ስማቸው በየትኛውም የጥቅስ መዝገብ ውስጥ የለም፤ ቢበዛ በጽሑፉ ጭራ ላይ «የመርከቡን ሠራተኞች እናመሰግናለን» የምትል አንዲት መስመር ትገኛለች። ያቺን መስመር ዘልዬ ማለፍ ከተውኩ ቆየሁ።

ስም ሲሟሟ ሁልጊዜ ክብር አይደለም። ማሪ ታርፕ ከስቶመል ጋር በአንድ ዓመት፣ በ1920 ነው የተወለደችው። ሴት በመሆኗ ለዓመታት የጥናት መርከብ ላይ እንድትወጣ አልተፈቀደላትም፤ ኒው ዮርክ አጠገብ ባለው የላሞንት ተቋም ተቀምጣ ወንዶቹ ከባሕር ያመጡትን የጥልቀት ልኬት በወረቀት ላይ ታሰፍር ነበር። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በአትላንቲክ መካከል ባለው የባሕር ውስጥ ተራራ ወገብ ላይ የሚሄድ ስንጥቅ ሸለቆ አየች። ባልደረባዋ ብሩስ ሂዘን መጀመሪያ ላይ የሴት ወሬ ነው ብሎ እንደናቀው ራሷ ኋላ ተናግራለች። የምድር መንቀጥቀጥ ነጥቦች በካርታ ሲቀመጡ በትክክል ሸለቆዋ ላይ አረፉ። መስመሩን ስትከተል በሕንድ ውቅያኖስ ዞሮ በኤደን ባሕረ ሰላጤ ገባ፤ ከዚያም ከእኛው ስምጥ ሸለቆ ጋር ተገናኘ። አፋር ላይ ምድር የምትሰነጠቅበት፣ በ2005 በዳባሁ ስድሳ ኪሎ ሜትር የሚያህል ስንጥቅ የተከፈተበት ሸለቆ እርሷ ወረቀት ላይ ያየችው ነገር ነው። ግኝቱን ለዓለም ባበሰሩት የመጀመሪያ ጽሑፎች ላይ ስሟ አልነበረም። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ማለት ይህ ነው። በ«እንዲሉ» ውስጥ ስሙ የሟሟ ሰውና ስሙ ከመጀመሪያው ያልተጻፈ ሰው አንድ አይደሉም፤ የመጀመሪያውን ጊዜ ወሰደው፣ የሁለተኛውን ግን ሰው ነጠቀ። ቆጣሪው ለሁለቱም ዜሮ ይላል። በዚያ ዜሮ ፊት ዝም ብሎ ማለፍ ይከብደኛል።

ስለዚህ ለተማሪዎቼ ማጣቀሻ ሲጽፉ የምጠይቃቸው ከስንት ሰው እንደጠቀሱ አይደለም። ከማን ቀለም ነከራችሁ፣ እላቸዋለሁ። አንዳንዱ ያፍራል፤ ዝርዝሩን ከሌላ ጽሑፍ ገልብጦት ነው። አንዳንዷ ግን ትንሽ ታስብና፣ ማጣቀሻዋ ውስጥ የሌለ ስም ትነግረኛለች፤ የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪዋን፣ ወይም ዝናብ መቼ እንደሚገባ ደመና አይተው የሚነግሯትን አያቷን።

ወደ ሁለቱ ጋኖች ልመለስ። በሄንሪ ላም የተመራ ቡድን ከጣና ወለል በታች ያለውን ደለል ቆፍሮ አውጥቶ ያገኘውን በ2007 አሳተመ። ከዛሬ 18 ሺህ 700 ዓመት ገደማ እስከ 16 ሺህ 700 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ጣና ደርቆ ነበር። ሐይቁ ዳግም ሞልቶ ዓባይን መመገብ የጀመረው ከ15 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ነው። ሐይቁ በደረቀበት ዘመን፣ ወደ ሰሜን አትላንቲክ የገቡ የበረዶ ተራሮች ቀልጠው የባሕሩን ጨው አሳስተውት ነበር፤ የሰሜኑ ጋን ውሃ መስመጡ ተዳከመ፣ ሙቀት ወደ ሰሜን መሄዱ ቀነሰ፣ የዝናቡም ቀበቶ ከቦታው ተነቃነቀ። ተመራማሪዎች የጣናን መድረቅ የሚያያይዙት ከዚህ ጋር ነው። ከ2004 ጀምሮ በአትላንቲክ 26.5 ዲግሪ ሰሜን ላይ ከአሜሪካ ዳር እስከ አፍሪካ ዳር በተዘረጉ መሣሪያዎች ያው ፍሰት ይለካል፤ በዚህ መቶ ዓመት ውስጥ እንደሚዳከም በይነ መንግሥታዊው የአየር ንብረት ለውጥ ጉባኤ በ2021 ባወጣው ግምገማ ላይ አስፍሯል።

ባሕር ዳር በሄድኩ ቁጥር ማለዳ ወደ ሐይቁ ዳር እወርዳለሁ። የደንገል ታንኳ የሚቀዝፉ ሰዎች በጭጋጉ ውስጥ ያልፋሉ፤ መረባቸውን ይጥላሉ፣ ይጎትታሉ። ከታንኳቸው ሥር ውሃ አለ፤ ከውሃው ሥር ደለል፣ ከደለሉ ሥር ደግሞ አንድ ጊዜ ፀሐይ የመታው መሬት። ያ መሬት ለምን ደርቆ እንደነበር የሚጠይቅ ልጅ ከመካከላቸው ቢነሣ፣ ሁለት ጋን አምጥቼ ጎን ለጎን አስቀምጥለታለሁ።